በሲኒ የተቆጠረ ጩኸት

ሥራ ላይ ስሆን ቀኝ እጄ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊከር አለች። በአውራ ጣት ሲጫኗት «ቀጭ» ብላ አንድ ትጨምራለች። አውሮፕላን ውስጥ ሆስተሶች ተሳፋሪ የሚቆጥሩባት ዓይነት ናት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እናቴ በቪዲዮ ስናወራ አየቻትና «እሷ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«መቁጠሪያ ናት» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ተመስገን! እዚያም ሆነሽ ጸሎት አልተውሽም» አለች። እናቴ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሳትል የማትተኛ ሴት ናት። የኔዋ መቁጠሪያ የሰው ልጅ ጩኸት የምትቆጥር እንደሆነች ለመንገር ድፍረቱን አጣሁ። ወሬ ቀየርኩ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ «አርቢቲ» ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ሬጅስተርድ ቢሄቪየር ቴክኒሻን ነው። ማዕረጉ የመጣው በ2014 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 40 ሰዓት ትሠለጥናለህ፣ በተግባር ትመዘናለህ፣ ትፈተናለህ፣ ከዚያ ሰው ቤት ትላካለህ። ዕቅዱን የምታወጣው ሱፐርቫይዘሯ ናት። እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ ከልጁ ጋር እጫወታለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እቆጥራለሁ። ሙያው ኤቢኤ ነው። «ተግባራዊ የባህሪ ትንተና» ብንለው ያስኬዳል፤ ግን እንደዚያ ሲል የሰማሁት ሰው የለም። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ናቸው። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት አገር ቤት እያለሁ፣ የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ዘሚ የኑስ በቴሌቪዥን ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ነው። ያኔ ሥራዬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ልጁን አቡሽ ልበለው። ስሙ አይደለም፤ ሌላም ሌላም ነገር ቀይሬያለሁ። 6 ዓመቱ ነው፣ ብዙ ቃል አይናገርም። የመጀመሪያ ቀን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እናቱ በር ላይ «ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ቀኑን ሙሉ!» አለችኝ። አያቱ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ከሶፋው ላይ ሆነው «ኧረ እንደሱ አትበዪ፤ ሲከፋው ብቻ ነው» አሉ። አባትየው የሚሠራው ማታ ነው፣ ቀን ይተኛል። እሱ ደግሞ «እኔ በህልሜም ነው የምሰማው» አለ። አንድ ቤት፣ አንድ ልጅ፣ ሦስት መልስ። የዋሸ ግን የለም።

በ1968 ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍ እና ቶድ ሪስሊ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአንድ አዲስ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ይህ ሙያ ምን መምሰል እንዳለበት ጻፉ። እስከዛሬ የምንማረው እሱን ነው። ጽሑፉ ውስጥ የምትቆረቁረኝ አንዲት ጥያቄ አለች። ባህሪው ተለወጠ ሲባል «የማን ባህሪ?» ብላችሁ ጠይቁ ይላሉ። ምናልባት የተለወጠው ልጁ ሳይሆን ተቀምጦ የሚቆጥረው ሰውዬ ሊሆን ይችላል። ሥልጠና ላይ ሳነበው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሚመጣው ፍቺ ነው። አማርኛችን ልጅ ለመግለጽ ቃል አያጥረውም። ቀበጥ፣ ሞልቃቃ፣ ነዝናዛ፣ ደረቅ፣ ባለጌ። ግን ሁሉም ፍርድ ናቸው። «ቀበጠ» የሚለውን ክሊከር ላይ መቼ ነው የምጫነው? ከንፈሩን ሲጥል? ወለል ላይ ሲንከባለል? ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ጩኸት ማለት ከንግግር ድምፅ ከፍ ያለ፣ ከ1 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ድምፅ ነው። በዘፈን ወይም በሳቅ ጊዜ የሚወጣ አይቆጠርም።» ደረቅ ነው፤ ውል ይመስላል። ግን ልጁን የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ አንብቦ መቁጠር አለበት። መመዘኛው እሱ ነው።

ይህን ፍቺ ይዤ ሁለት ሳምንት ቆጠርኩ። በራሴ ኮርቼ ነበር። ከዚያ ሱፐርቫይዘሬ መጣች። ሳሎኑ ጥግና ጥግ ተቀምጠን፣ ሳንተያይ፣ ለአንድ ሰዓት ለየብቻ ቆጠርን። እኔ 11 አልኩ። እሷ 19።

ትንሹን ለትልቁ ታካፍላለህ። 58 በመቶ። በሙያው ልማድ ሁለት ቆጣሪዎች ቢያንስ 80 በመቶ ካልተስማሙ ያ ቁጥር ብዙ አይታመንም። ፊቴ ጋለ። «የምሬን ነው የቆጠርኩት» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። ችግሩ ወዲያው ታየ። አቡሽ ጮኾ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ ደግሞ ሲጮኽ ለኔ አንድ ነው፤ ለሷ ሁለት። ፍቺው ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ «ትንፋሽ ለመውሰድም ቢሆን ድምፁ ከተቋረጠ ቀጥሎ የሚመጣው እንደ አዲስ ይቆጠራል።» በሚቀጥለው ጊዜ 94 በመቶ ተስማማን። እንግዲህ የዚያን ሳምንት ግራፍ አንድ ሰው ቢያየው ምን ይላል? ልጁ በአንድ ጊዜ ባሰበት ይላል። አቡሽ ያው አቡሽ ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ፤ ልናገረው። አንድ ወር በጣም ደክሞኝ ነበር፣ ሁለት ቤት ደራርቤ ነው የምሠራው። መቁጠር ጀምሬ መሃል ላይ እተወውና ሴሽኑ ሲያልቅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ታብሌቱ ላይ ከትዝታ እሞላለሁ። 5። 5። 6። 5። ማንን ጎዳሁ? ልጁን በደንብ ነው የያዝኩት፣ ተጫውተናል፣ ስቀናል። ሱፐርቫይዘሬ ግራፉን ከፍታ ትንሽ ዝም አለችና «ልጅ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩ ያመመኝ በኋላ ነው። ያን ወር የአቡሽ መድኃኒት ተቀይሮ ኖሯል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ የሚያየው ከዚያ ግራፍ ላይ ነበር።

ይህ ሙያ የበቀለበትን የባህሪ ጥናት የጀመረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በ1930ዎቹ አይጦች ላይ ሲሠራ ይህ ችግር አልነበረበትም። መሣሪያው ራሱ ይጽፍለታል። ወረቀት በዝግታ ይጠቀለላል፣ አይጧ ዘንጉን በተጫነች ቁጥር ብዕሩ አንድ እርምጃ ሽቅብ ይላል። በፍጥነት ስትጫን መስመሩ እንደ ዳገት ቀጥ ይላል፤ ስትተው ጋደም ይላል። ቁልቁል አይወርድም። አንድ ጊዜ ምግብ የሚያቀብለው ዕቃ ተሰንቅሮ አይጧ ብትጫን ብትጫን ምንም ጠብ አላለላትም። ብዕሩ ግን መጻፉን አላቆመም። ምላሽ ያጣ ባህሪ እንዴት ቀስ እያለ እንደሚከስም የሚያሳየውን ኩርባ መጀመሪያ ያገኘው ከዚያ ብልሽት ላይ ነው። የደከመው ብዕር አልነበረም፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሞላም አልነበረም። እቀናበታለሁ።

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ አልሄድም። ስለዚህ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፍንና እማማን አደራ አልናቸው። ሲጮኽ ሰዓቱን ብቻ ይጻፉ አልን። ጻፉ፤ በሚያምር የቁም ጽሕፈት። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ወደ ታብሌቱ እገለብጣለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ደወለች።

«ማክሰኞ ጠዋት በ10 ሰዓት ስድስት ጊዜ ጮኸ ይላል።»

«አዎ።»

«በዚያ ሰዓት እኮ ልጁ ትምህርት ቤት ነው።»

እማማ አሜሪካ ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሰዓታቸው ግን ገና አዲስ አበባ ነው። የሳቸው 10 ሰዓት እዚህ 4 ፒኤም ነው። እኔ፣ ያገር ልጅ፣ ከማንም በላይ ላውቀው የሚገባኝ፣ በፈረንጅ ሰዓት መዘገብኩት። ሱፐርቫይዘሬ ፈረንጅ ናት፤ ላስረዳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ፀሐይ ስትወጣ ነው መቁጠር የምንጀምረው ስላት ዝም አለችና «ይሄኛው እኮ የበለጠ ያስኬዳል» አለች።

ነጥቦቹን በትክክለኛ ሰዓታቸው ስንመልሳቸው ግን ግራፉ ላይ የተበተነው ሁሉ ተሰበሰበ። ማክሰኞ 10 ሰዓት። ሐሙስ 10 ሰዓት። እኔ ያለሁባቸው ቀናትም አብዛኛው ጩኸት ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። «ቀኑን ሙሉ» የተባለው አንዲት ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

በ10 ሰዓት ምን አለ? በ10 ሰዓት ቡና አለ። አባትየው ለሌሊት ሥራ ከመውጣቱ በፊት ተነስቶ ቡና ይጠጣል፤ እማማ ለልጃቸው በዚያው ሰዓት ያልተቆላ ቡና አያቀርቡም።

ከባህሪ ቆጠራ ሌላ የምንሞላው ባለ ሦስት ዓምድ ቅጽ አለ፦ ከባህሪው በፊት ምን ሆነ፣ ባህሪው ምን ነበር፣ ከዚያ ምን ተከተለ። የኔን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነብ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ስንት ቦታ «ያለ ምክንያት» ብዬ እንደጻፍኩ አይቼ አፈርኩ። «አላየሁም» ማለት ሲገባኝ። ረቡዕ ዕለት ሁሉን ትቼ ሳሎኑን ብቻ አየሁ። እማማ ተነሱ። ወጥ ቤት ገቡ። የታችኛውን ቁም ሳጥን ከፍተው ብረት ምጣዱን ሲያወጡ ከድስቱ ጋር ተጋጨ፣ «ቋ!» አለ። አቡሽ ከመኪና መጫወቻው ቀና አለ። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። ጮኸ። ምድጃው ገና አልበራም።

እዚህ አገር ቡና የቆላ ሁሉ ቀሪውን ያውቀዋል። ጭሱ ይነሳል፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይለቃል፣ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግባል፣ ሌላው በረንዳውን ይከፍታል፣ ሁሉም ይስቃል። ስንት ጊዜ ስቀናል! አቡሽ ግን ያን ድምፅ እንደኛ አይሰማውም። ምጣዱ ከቁም ሳጥን ሲወጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይጮኻል። ከልቡ እየነገረን ነበር፤ እኛ «ያለ ምክንያት» እንላለን።

ለእማማ መንገሩ ከባድ ነበር። «ቡናዬ ነው ልጄን የሚያስጮኸው?» አሉና ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ቡናው አይደለም እማማ፣ አላርሙ ነው። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ አባትየው ቅዳሜ ጠዋት አቡሽን ፓርክ ይዞት እንዲሄድ፣ እሳቸው ያን ጊዜ የሳምንቱን እንዲቆሉ ተስማማን። «ሰንብቶ የሚፈላ ቡና ደግሞ ቡና ነው እንዴ?» እያሉ ሁለት ሳምንት አኮረፉ። አቡሽ ደግሞ የጆሮ መከላከያ ሥዕል ያለበት ካርድ ማቀበል ተማረ፤ ድምፅ ሲበዛበት ካርዱን ይሰጠናል፣ መከላከያውን እናደርግለታለን። በሳምንት ከ60 በላይ የነበረው ጩኸት ወደ 20 ገደማ ወረደ። ቀሪዎቹ 20ዎቹ ምክንያታቸው ገና አልገባንም። እንዲህ አንዲት ቁልፍ አግኝቶ ቤቱን ሁሉ መክፈት በዚህ ሥራ ብርቅ ነው፤ ሌሎች ቤቶች ዓመት ቆጥሬ ምንም ያላገኘሁባቸው አሉ። ደግሞ የማን ባህሪ ተለወጠ ካላችሁ፣ የእማማ ነው።

ቁጥር እንዴት ሊያሳስት እንደሚችልም ላሳይ። ሁልጊዜ አንድ በአንድ አንቆጥርም፤ አንዳንዴ ጊዜውን እንሸነሽነዋለን። 10 ደቂቃን በ10 ሰከንድ ብትከፍል 60 ክፍል ይሆናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ልጁ ለአፍታም ቢጮኽ ያ ክፍል ምልክት ይደረግበታል። በ30ዎቹ ክፍሎች ውስጥ በእያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ብቻ ጮኾ ቢሆን ወረቀቱ «50 በመቶ» ይላል። በሰዓት ብትለካው ግን ከ600 ሰከንድ 30 ሰከንድ ነው፤ 5 በመቶ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እናትየው ፊት 50 በመቶውን ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን ልቧን ነው የሚሰብረው።

ከዚህም የከፋው የማይረባ ነገር በጥንቃቄ መቁጠር ነው። አቡሽ ወደኔ ሲመጣ ከበፊት ጀምሮ ይዞት የመጣ አንድ ግብ ነበረው፦ ስሙ ሲጠራ በ3 ሰከንድ ውስጥ ዓይን ለዓይን ማየት። እኔም እቆጥር ነበር። ባየኝ ቁጥር ብስኩት። እማማ አንድ ቀን አይተው አይተው «አንቺ» አሉኝ፣ «እኛ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ካፈጠጠ ድፍረት ነው ብለን እንቆጣለን። እናንተ ብስኩት ትሰጣላችሁ?» ሳቅሁ፤ ግን ቤት ስገባ አብሮኝ ገባ። እኔ ራሴ ስታዘዝ መሬት መሬት እያየሁ ነው ያደግሁት። መስማቴ ግን አልቀረም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎችም በልጅነታቸው ዓይን ለማየት መገደዳቸው እንደሚያሳምማቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኳትና ግቡ ተቀየረ። አሁን ሲጠራ በፈለገው መንገድ ይመልስ፤ ዞር ይበል፣ እጁን ያንሳ፣ ድምፅ ያሰማ። ሁሉም ይቆጠራል።

ኦግደን ሊንድስሊ የሚባል የሙያው ሰው ደግሞ «የሞተ ሰው መመዘኛ» የምትባል ነገር ትቶልናል። የሞተ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ባህሪ አይደለም ይላል። «አለመጮኽ»፣ «ዝም ብሎ መቀመጥ»፣ «አለመንቀሳቀስ»፣ እነዚህን ሬሳ በደንብ ያደርጋቸዋል። እኛ ሰፈር «ጨዋ ልጅ» የሚባለው ግማሹ በዚህ መመዘኛ ይወድቃል። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዘን፣ ሳንተነፍስ፣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» ስንባል የነበርነው ሁሉ።

ለመቁጠር የሚገባው ቁጥር ምን እንደሚመስል ሳስብ ዲኪ ትዝ ይለኛል። በ1964 ዎልፍና ሪስሊ ከሌላ ባልደረባቸው ጋር የጻፉት ነው። ዲኪ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ነው። ሞራ ይዞት የዓይኑ ሌንስ ወጥቷል፤ መነጽር ካላደረገ ዓይኑ ሊጠፋ ነው። መነጽር ደግሞ በጭራሽ አያስነካም። የለኩት መነጽሩን በቀን ስንት ሰዓት እንዳደረገ ነው። ሆስፒታሉን ለቆ ሲወጣ በቀን 12 ሰዓት ያህል ያደርግ ነበር። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም እናት አስተርጓሚ አያሻትም። ያው ዎልፍ በ1978 ተመልሶ መጥቶ ሌላ ጽሑፍ ጻፈ። ቆጠርን፣ ቀየርን፤ ግን ሰዎቹን ይህን ፈልጋችሁት ነበር ወይ፣ ደስ ብሏችኋል ወይ ብለን ጠየቅን ወይ? ሙያው ልቡን እያገኘ ነው አለ። እማማ ያን ጽሑፍ አላነበቡም።

የወረቀቱ ነገር ከሰዓቱ ጣጣ በኋላ ቀረ። እማማ ራሳቸው ናቸው ዘዴውን ያመጡት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒ አስቀመጡ፤ አቡሽ ሲጮኽ አንድ ጥሬ ቡና ጠብ ያደርጉበታል። ዓርብ ዕለት እኔ በክሊከር፣ እሳቸው በሲኒ ቆጠርን። እኔ 8፣ እሳቸው 9። 89 በመቶ። ያመለጠኝ አንዱ ታብሌቱ ላይ አቀርቅሬ ስጽፍ ነበር። «አንቺ የምታዪው እሱን ነው ወይስ ያንን መስኮት?» አሉኝ።

ባለፈው ወር ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዘው ጠበቁኝ። አቡሽ ራሱ መጥቶ አጠገባቸው ሲቀመጥስ የት ነው የሚጻፈው? የትም አልነበረም። ሱፐርቫይዘሬ ሰምታ ፍቺ ጻፈችለት፦ «ሳይጠራ፣ በራሱ፣ ከአያቱ አንድ ክንድ ርቀት ውስጥ መምጣትና ቢያንስ 5 ሰከንድ መቆየት።» እማማ ሁለተኛ ሲኒ አወጡ። ለዚህኛው ጥሬ ቡና አይሆንም አሉ፤ የተቆላ ነው የሚጨምሩት።

ትናንት ስደርስ ጥሬው ሲኒ ውስጥ ሦስት ነበር። የተቆላውን ልቆጥር ስጎነበስ አቡሽ መጣ፣ አያቱ ጉያ ስር ገባ፣ 5 ሰከንድም ሳይሞላ ሲኒውን አንስቶ ገለበጠው። ፍሬዎቹ ወለሉ ላይ ሲንከባለሉ ከት ብሎ ሳቀ። አንዷን ፈልጎ አፉ ውስጥ ከተተ፣ መረረችው መሰለኝ፣ ተፋት። እማማ «ቁጠሪያ እንግዲህ!» እያሉ ይስቃሉ። የማክሰኞና የሐሙስ ዳታ ሶፋው ስር ነው፤ በእጄ እየዳሰስኩ አራት አገኘሁ። ሌሎቹ ሳይገኙ ሰዓቴ ደረሰ።